በማሳደጊያ የሚኖሩ ልጆችን ስሜትና ማኅበራዊ ኑሮ መደገፍ፦ ለሞግዚቶችና ለቤት ኃላፊዎች ዝርዝር መመሪያ

ልጁ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከመጣ ዓመት ሞልቶት ግን አሁንም ዳቦ ትራሱ ሥር ይደብቃል፣ ፍራሹን ያረጥባል፣ በትንሽ ነገር ይደባደባል ወይም ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ይህ ሲገጥም አብዛኛው ማሳደጊያ ወይ ይመክራል ወይ ይቀጣል። ሁለቱም አይሠሩም፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ልጁ ላይ ሳይሆን የሠራተኞች ፈረቃ ላይ ነውና። ጠዋት አንዷ አልብሳው፣ ቀን ሌላዋ አብልታው፣ ማታ ሦስተኛዋ የምታስተኛውን ልጅ ሁሉም ያውቁታል፤ እሱ ግን «የእኔ» የሚለው ሰው የለውም።

መመሪያው ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከከሚሴ እስከ ላሊበላ ባሉ ማሳደጊያዎች ለሚሠሩ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ደረጃ 1 ሳይሠራ ደረጃ 4ን መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

- ለእያንዳንዱ ልጅ ባለ 50 ሉክ ደብተርና ስሙ የተጻፈበት ክዳን ያለው ሣጥን። መግዣ ከሌለ ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ዋናው ነገር ማንም ያለ ልጁ ፈቃድ አለመክፈቱ ነው።
- ለሚያረጥቡ ልጆች የፍራሽ ላስቲክ፣ ለእያንዳንዳቸው 2 ተለዋጭ አንሶላ፣ ለመኝታ ክፍሉ ክዳን ያለው ፖፖ፣ እንዲሁም ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የሚያገለግል ቻርጅ የሚደረግ መብራት።
- ለሥጋ ብቻ የሚያገለግሉ፣ ለሙስሊምና ለክርስቲያን ልጆች የተለዩ ድስትና ቢላዋ። ምክንያቱ ደረጃ 2 ላይ አለ።
- ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፦ የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ የፖሊስ ጣቢያውና የቅርቡ ሆስፒታል ስልክ።
- እያንዳንዱ ሠራተኛ፣ ዘበኛውና ወጥ ቤቷ ጭምር፣ የሚፈርመው አንድ ገጽ ስምምነት፦ ዱላ፣ ቁንጥጫ፣ ማንበርከክ፣ በርበሬ ማጠን፣ ምግብ መከልከልና ስድብ በዚህ ግቢ የሉም። «ባህላችን ነው» ለሚል የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) አሳዩት። ልጆችን በሚያሳድጉ ተቋማት የአካል ቅጣት የተከለከለ ነው።

ደረጃ 1፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ተጠሪ ሞግዚት መድቡ

1. የልጆቹን ስም ዝርዝር ጻፉ። 3 ዓመት ያልሞላቸው ከሆኑ ለአንዲት ሞግዚት ከ4 በላይ አትስጡ፤ ከዚያ በላይ ለሆኑት ከ8 አይብለጡ። ሠራተኛ ካነሰ ወጥ ቤቷንና ልብስ አጣቢዋንም ቁጠሩ። ለልጁ የሚያስፈልገው ዲፕሎማ ሳይሆን በየቀኑ የሚመለስ ሰው ነው።
2. ከመመደባችሁ በፊት አንድ ሳምንት ተመልከቱ። ሲወድቅ ወደ ማን ይሮጣል? ሲያመው ማንን ይጠራል? ለዚያች ሰው ስጡት።
3. ለተጠሪዋ ብቻ የሚተዉ ሥራዎችን ወስኑ፦ ማታ ማስተኛት (ፈረቃዋ ካልሆነ ጠዋት መቀስቀስ)፣ ሲታመም ሐኪም ቤት መውሰድ፣ የትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ፣ ልብስና ጫማ ማስለካት። ሌላው ሥራ እንደ አመቺነቱ ይከፋፈል።
4. ፈረቃውን ከዚህ በኋላ አውጡ። ተጠሪዋ በሳምንት ቢያንስ 5 ቀን ወይ ጠዋት ወይ ማታ ልጁን ታግኘው። የአንድ ሳምንት ሌሊትና የአንድ ሳምንት ቀን ቅብብሎሽ ለሒሳብ ያዥ ይመቻል፤ ለልጅ ግን በየሳምንቱ እናት መለወጥ ነው።
5. ተጠሪዋ በማትኖርበት ቀን የሚተካ፣ ልጁ በስም የሚያውቀው ሁለተኛ ሰው ይኑር።
6. በቀን 10 ደቂቃ ለብቻው ስጡት። ልጁ የመረጠውን እየሠራችሁ አብራችሁት ቆዩ፦ ጸጉር መሥራት፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ገበጣ መጫወት። በዚያ 10 ደቂቃ ጥያቄ፣ ምክርና ስልክ የለም። 8 ልጅ 80 ደቂቃ ነው። ብዙ ከመሰላችሁ ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስባችሁ ለመገሠጽ በሳምንት የምታጠፉትን ሰዓት ደምሩት።

*ሲበላሽ*

ተጠሪዋ ሥራ ከለቀቀች ልጁ ሳያውቅ አትጥፋበት። «ገበያ ሄዳለች፣ ትመለሳለች» ማለት በዚህ ሥራ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ ብዙ ጉዳት ያለው ነው፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ገበያ የሚሄድን ሰው ሁሉ ይጠራጠራል። ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አዲሷ ከአሮጌዋ ጋር ጥቂት ቀን አብራ ታስተኛው፣ ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ይለጠፍ፣ ከሄደችም በኋላ ትደውልለት።

እንግዳ ባየ ቁጥር እየሮጠ የሚያቅፍና ጭን ላይ የሚወጣ ልጅ ሲገጥማችሁ «እንዴት ተግባቢ ነው!» አትበሉ። የራሱ ሰው የሌለው ልጅ ነው። ሳትገፉት «እንግዳውን በእጅህ ሰላም በልና ወደ እትዬ ና» በሉት፤ ተጠሪዋም ከአጠገቡ ትቁም። ለወራት የሚደገም ሥራ ነው።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት

1. መጀመሪያ ምግብና ውሃ፣ ከዚያ ገላ። በገባበት ደቂቃ ልብሱን አውልቆ ማጠብ ብዙ ልጅ ያስደነግጣል።
2. ለብሶት የመጣውን ልብስ፣ ቢቀዳደድም፣ አትጣሉ፤ አታቃጥሉም። እጠቡና ሣጥኑ ውስጥ አኑሩለት። የእናቱ ነጠላ ቁራጭ ከሆነች ደግሞ ሌሊት ይዟት ይተኛ።
3. ማተብም ሆነ ክታብ ያለ ፈቃዱ አትፍቱ። ለቅማል ብላችሁ ጸጉሩን ከመላጨታችሁ በፊት ንገሩት፤ ለሴት ልጅ በማበጠሪያና በመድኃኒት ጀምሩ።
4. ሃይማኖቱን በስሙ አትገምቱ። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት እስላምም ክርስቲያንም ይወለዳል፤ ስምም ከዚህ ወደዚያ ይሻገራል። ዘመድ ካለ ጠይቁ፣ ከሌለ የመጣበትን ቀበሌ ጠይቁ። እስኪረጋገጥ ድረስ ሥጋ አታብሉት፤ ሽሮ፣ ምስርና እንቁላል ይበቃዋል። ኋላ ዘመድ ተገኝቶ «የማንን እርድ ነው ያበላችሁት?» ቢል ልጁ በሁለት ወገን ባዕድ ይሆናል።
5. ቋንቋውን እወቁ። ከባቲ በኩል አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ከከሚሴ ኦሮምኛ፣ ከዋግ ኽምጣና ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የተጎዳ አይደለም፤ አንዳንዱ ዝም ያለው ቋንቋውን ስላልሰማ ነው። ቋንቋውን የሚችል ሰው ከግቢው ባይኖር ከገበያ ፈልጉ፣ ግን ስለ ልጁ ታሪክ ሳይሆን «ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ ፈራሁ» የሚሉትን ለሠራተኛ እንዲያስተምር።
6. ቤቱን በዚህ ቅደም ተከተል አሳዩት፦ መጸዳጃ፣ ውሃ፣ አልጋው፣ ተጠሪዋ የምትተኛበት ክፍል። ማታ ደግማችሁ አሳዩት፤ ግቢ በጨለማ ሌላ ነው።
7. ወንድምና እህት አትለዩ። መኝታቸው በጾታ ቢለይም ማዕዳቸው አንድ ይሁን፤ ከመተኛታቸውም በፊት ይገናኙ።
8. «ምን ደረሰባችሁ?» ብላችሁ አትመርምሩ። ከመፈናቀልና ከጦርነት የመጣ ልጅን ታሪኩን በየቢሮው ማስደገም ያቆስለዋል። ራሱ ካወራ ስሙት፣ አታቋርጡት፣ «ሰምቼሃለሁ፤ እዚህ ከእኔ ጋር ነህ» ብላችሁ አብራችሁት ቆዩ።

*ሲበላሽ*

አልበላም ካለ አታስገድዱት፤ ሳህኑን አጠገቡ ትታችሁ እናንተም እዚያው ብሉ። ከ5 ዓመት በታች ሆኖ መጠጣትም እምቢ ካለ ግን የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከጠፋ መጀመሪያ የመጣበትን መንገድና መናኸሪያውን ፈልጉ፤ አዲስ ልጅ የሚሄደው ወደሚያውቀው አቅጣጫ ነው። ካላገኛችሁት ሳትውሉ ሳታድሩ ለፖሊስ ንገሩ። ሲገኝ ቁጣም ጥያቄም ሳይቀድም አብሉት፣ አስተኙት። በማግስቱ «ወዴት ልትሄድ ነበር?» በሉት። መልሱ ብዙ ጊዜ ደረጃ 7ን የሚያስጀምር አድራሻ ነው።

ደረጃ 3፦ ቀኑን አስቀድሞ የሚታወቅ አድርጉ

ሰሌዳ በሥዕል ሠርታችሁ በልጆች ቁመት ስቀሉ፦ 12፡30 መነሳት፣ 1፡00 ቁርስ፣ ትምህርት ቤት፣ 10፡30 መክሰስና ጨዋታ፣ 12፡00 ጥናት፣ 1፡30 እራት፣ 3፡00 መኝታ። ሰዓቱ እንደ ቤታችሁ ይሁን፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥ። ለውጥ ካለ፣ የሐኪም ቀጠሮም ሆነ የእንግዳ መምጣት፣ ከቁርስ በፊት ተናገሩ። ረመዳን ሲገባ የጿሚዎቹ ሱሑርና ኢፍጣር በሰሌዳው ላይ ይሳል፤ በሱሑር የነሳችኋቸውን እንቅልፍ ከሰዓት ካሱላቸው። አለበለዚያ 10 ሰዓት ላይ የሚነሳው ጠብ ሁሉ የእንቅልፍ ማጣት ነው።

ደረጃ 4፦ ልጅ ሲቆጣ፣ ሲመታ፣ ሲሰብር

1. ሌሎቹን ልጆች አውጡ፤ እሱን አይደለም። ተመልካች ባለበት የተቆጣ ልጅ መመለሻ የለውም።
2. ድንጋይ፣ ዱላ፣ ብርጭቆ ካለ አርቁ።
3. ዝቅ በሉ፤ ተንበርከኩ ወይም ተቀመጡ። በአንድ ክንድ ርቀት ሁኑ፤ በሩን አትዝጉበት።
4. ጥቂት ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «አይሃለሁ። ተናደሃል። እዚሁ ነኝ።» ከዚህ በላይ አይሰማም። «ስንት ነገር አድርገንልህ!» ከቶ አይባል፤ ምስጋና የሚጠበቅበት ልጅ ዕዳ ተሸካሚ ነው።
5. ጠብቁ። አብዛኛው ከ20 ደቂቃ በታች ያልፋል። ሲያለቅስ ወይም ትከሻው ሲወርድ ውሃ ስጡት።
6. በኃይል መያዝ የሚፈቀደው ራሱን ወይም ሌላን ሲጎዳ ብቻ ነው፤ ከኋላ፣ ክንዱን ሳትጠመዝዙ፣ ደረቱንና አንገቱን ሳትጫኑ፣ ለጥቂት ሰኮንድ።
7. ነገሩን የዚያኑ ቀን፣ ከተበላ በኋላ አንሱት። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ከመናደድህ በፊት ምን ሆነ? ሰውነትህ ላይ የት ተሰማህ? በሚቀጥለው ማንን ትጠራለህ?
8. ያበላሸውን አብራችሁት አስተካክሉ። የሰበረውን መስኮት ካርቶን ይለጥፍ፤ የመታውን ልጅ ደብተር ይሸፍንለት። በሰው ፊት «ይቅርታ በል» ብሎ ማስጨነቅ የሚያስተምረው ውሸት ነው።

*ሲበላሽ*

ሦስት ቀን ተከታትሎ በአንድ ሰዓት ከተቆጣ ደብተሩን ክፈቱና ሰዓቱን፣ ቦታውንና የነበረውን ሰው ጻፉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፦ የሚያስፈራው ትልቅ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት ሰዓት፣ የሚያስደነግጠው ድምፅ፣ ባዶ ሆድ። ሞግዚቷ ራሷ ከተናደደች ለተተኪዋ ሰጥታ ትውጣ። ይህ እንደ ድክመት አይቆጠርባት።

ደረጃ 5፦ ሌሊት

ማሳደጊያ የሚፈተነው ሌሊት ነው። ቀን 4 ሠራተኛ ያለበት ግቢ ማታ በአንድ ዘበኛና በአንዲት በደከማት ሞግዚት ይቀራል፤ ፍርሃቱ ደግሞ የሚመጣው ያኔ ነው።

*ፍራሽ ማረጠብ*

እስከ 5 ዓመት ድረስ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በተለይ ደርቆ ከቆየ በኋላ የተመለሰበት ከሆነ፣ በዚህ ሂዱ፦

1. በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀትና የስኳር በሽታ ይታዩለት። ብዙ እየጠጣ፣ ብዙ እየሸና የሚከሳ ልጅ ከሆነ ነገ አትበሉ።
2. መንገዱን ራሳችሁ በሌሊት ሂዱበት። መጸዳጃው ከግቢው ማዶ ከሆነ፣ ደሴን በመሰለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ በኅዳር ብርድ፣ በጨለማ፣ ውሻ እየጮኸ ማንም ልጅ አይሄድም። ፖፖና መብራት ግማሹን ችግር ይፈታሉ።
3. ውሃ አትከልክሉት። ቀን በደንብ ይጠጣ፤ ከእራት በኋላ ይቀንስ። ሻይና ቡና ከ10 ሰዓት በኋላ ይቅር።
4. ሊተኛ ሲል ይሽና። ሞግዚቷ ልትተኛ ስትል አንድ ጊዜ በደንብ ቀስቅሳ ትውሰደው፤ በእንቅልፍ ልቡ ተሸክሞ ማሸናት ምንም አያስለምደውም።
5. ተለዋጭ ልብስና አንሶላ ከራስጌው ይኑር። ያረጠበ እንደሆነ ያለ ወሬ፣ መብራት ሳይበራ፣ በ3 ደቂቃ ይለወጥ።
6. ጠዋት እርጥቡን አንሶላ ሞግዚቷ ከሌላ ልብስ ጋር ታውጣው። አንሶላ ተሸክሞ በልጆች መካከል ማስኬድ፣ «ሽንታም» ብሎ መጥራት፣ ፍራሹን በር ላይ ማስጣት የተከለከለ ነው። ማፈር እንቅልፍ ያሳጣል፤ ያልተኛ ልጅ ደግሞ ኋላ ሲያሸልበው የባሰ ያረጥባል።
7. በደብተሩ የደረቁትን ሌሊቶች ብቻ ምልክት አድርጉ። በ2 እና በ3 ወር የማይቀንስ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይላክ።

*ሌሊት መጮህ*

ሁለት ዓይነት ነው፤ አያያዛቸው ይለያያል። በእንቅልፉ የመጀመሪያ 3 ሰዓት ውስጥ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ እናንተን ሳያውቅ የሚጮህ ልጅ የሌሊት ሽብር ነው ያለበት። አትነቅንቁት፣ ውሃ አትርጩበት። እንዳይወድቅ ጠብቁት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይተኛል፤ ጠዋትም አያስታውስም፣ አታስታውሱትም። ወደ ንጋት ላይ ነቅቶ የሚያለቅስና የሚያውቃችሁ ልጅ ግን ቅዠት ነው። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስሙን፣ ቦታውንና አልጋውን ጥሩለት፦ «ሰይድ፣ እኔ እትዬ ነኝ፣ ቤት ነህ፣ ወንድምህ ይኸው።» ሕልሙን እንዲናገር አትጫኑት።

«ዓይነ ጥላ ነው፣ ጂን ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጠበሉንም ዱዓውንም ልጁ ከፈለገ አትከልክሉ፤ የሚያጽናናው ሊሆን ይችላል። ሁለት ነገር ግን አትፍቀዱ፦ መድኃኒት ማስቆምና ማሰር ወይም መምታት። ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ፣ አረፋ የሚደፍቅ ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ይታይ።

ደረጃ 6፦ ዳቦ የሚደብቅና «የሚሰርቅ»

ትራሱን አትበርብሩ፤ አታዋርዱት። የራሱ የሆነ ክዳን ያለው ዕቃ ስጡትና በየማታው ቆሎ፣ ዳቦ ወይም ብስኩት አስቀምጡለት፤ «ሌሊት ቢርብህ ያንተ ነው» በሉት። ሻጋታው እንዳይከማች በየ2 ቀኑ አብራችሁት አጽዱ። አብዛኛው ልጅ ዕቃው ሁልጊዜ ሙሉ መሆኑን ሲያምን ይተዋል፤ ዕቃውን «አሁንማ አያስፈልግህም» ብላችሁ የምትነጥቁበት ቀን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል።

ደረጃ 7፦ ቤተሰብ፣ ትዝታና መርዶ

1. በመጀመሪያው ወር ዘመድ ፍለጋ ጀምሩ። ቀበሌው፣ ዕድሩ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ፣ የመጣበት ገበያ። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ የሚገኝ የአገር ሰው ከደብዳቤ ይቀድማል። የልጁን ታሪክ ሳይሆን ስሙንና የወላጁን ስም ብቻ ይዛችሁ ጠይቁ።
2. የተገኘው ዘመድ ማንነቱ በቀበሌ ሳይረጋገጥ ልጁን አታገናኙ። ከተረጋገጠ በኋላ በወር አንድ ጊዜ በአካል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በስልክ። ከጉብኝት በኋላ ልጁ 2 እና 3 ቀን ቢረበሽ ጉብኝቱን አታቋርጡ፤ የሚረበሸው ናፍቆቱ ስለተነሳ ነው።
3. ደብተሩን ሙሉ። ማን ስም አወጣለት፣ ሰፈሩ ምን ይባላል፣ ቤታቸው ከወንዙ በየት በኩል ነው፣ እናቱ ምን ትሠራ ነበር፣ ምን ዘፈን ወይም መንዙማ ያውቃል፣ ማን ይመስላል። የማያውቀውን ገጽ ባዶ ተዉት፤ አትፍጠሩ። ደብተሩ የልጁ ነው፤ ለለጋሽ አይታይም።

*ሞትን መንገር*

ለአዋቂ መርዶ በማለዳ፣ በዘመድ መካከል ይነገራል። ለልጅ ግን «ውጭ አገር ሄደች» ይባልና ዓመታት ይጠብቃል። ከጎረቤት ልጅ ሲሰማ ደግሞ ሁለት ነገር ያጣል፦ እናቱንና እናንተን ማመን።

ተጠሪዋ፣ ከተቻለ ከአንድ ዘመድ ጋር፣ ትምህርት በሌለበት ቀን ጠዋት ትንገረው። «ሞታለች» ትበል፤ «ተኛች» ወይም «ሄደች» አትበል፤ ትንሽ ልጅ መተኛት ይፈራል። «አንተ ባደረግኸው ነገር አይደለም» ይጨመር፤ ሳይጠይቅም ቢሆን። ሰምቶ ወዲያው ሊጫወት ቢሄድ ልቡ ደንድኖ አይደለም። ነገ፣ ከነገ ወዲያና በወሩ ደግሞ ይጠይቃል፤ ያንኑ መልስ በዚያው ቃል ስጡት። በተዝካሩ ወይም በሰደቃው ቀን ይገኝ፤ ሩቅ ከሆነ በግቢው ቡና ተፈልቶ ስሟ ይጠራ።

ደረጃ 8፦ ከግቢ ውጭ ያለ ኑሮ

1. አንድ ዓይነት ልብስና ጫማ በጅምላ አትግዙ። ከሩቅ «የማሳደጊያ ልጅ» የሚያሰኘው እሱ ነው። በጀቱ ያው ሆኖ ቀለሙን ይምረጡ።
2. የክፍል ኃላፊ መምህሩን በሴሚስተሩ መጀመሪያ አነጋግሩ። ቃሉ አጭር ይሁን፦ «በስሙ ይጠራ፤ ስለ ቤተሰቡ በክፍል ፊት አይጠየቅ፤ ችግር ሲኖር ለእኔ ይደወል።» ስለ ወላጆች ድርሰት ወይም «ወላጅ ይዘህ ና» ሲባል ተጠሪዋ ትሂድ።
3. ጓደኛ ግቢ ይግባ፤ ልጁም ጓደኛው ቤት ይሂድ። የቤቱን ሰዎች አስቀድማችሁ እዩ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ የመመለሻ ሰዓት ይወሰን።
4. በዓልን ለብቻው አቅዱበት። በገናም በመውሊድም ጎረቤት እርስ በርስ በሚጠራራበት አገር በሩ የተዘጋ ማሳደጊያ የልጅን ብቸኝነት እጥፍ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚጠራው አንድ የታወቀ ቤት ፈልጉ። በነሐሴ ቆቦ ሶለል፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ ሲጨፈር ሴት ልጆቹ ከሰፈር እኩዮቻቸው ጋር ይውጡ፤ ግቢ ውስጥ ለእንግዳ አይጨፍሩ።
5. ለጎብኚ ሕግ አውጡ። ልጆች ተሰልፈው አይዘምሩም። ፊታቸው በስልክ አይቀረጽም። ስጦታ ለቤቱ ይሰጣል እንጂ በመረጡት ልጅ እጅ አይደረግም። ለአጭር ጊዜ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ሒሳብ ያስጠና፣ አጥር ያስተካክል፤ ሕጻን አያስተኛ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚሄድ ሰው ላይ ልቡን የጣለ ሕጻን የሚያለቅሰው እናንተው ጋ ነው። ለጋሹ ቢያኮርፍ ይህን በጽሑፍ ያወጣችሁትን ሕግ አሳዩት፤ አብዛኛው ይረዳል።

ደረጃ 9፦ በቤት የማይፈታ

*ራስን ስለ ማጥፋት የሚያወራ ወይም ራሱን የሚቆርጥ።* በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። «አዎ» ካለ ለደቂቃም ለብቻው አትተዉት። የአይጥ መርዝ፣ ፀረ ተባይ፣ በረኪና፣ ገመድና መድኃኒት ተቆልፈው ይቀመጡ። የዚያኑ ቀን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። የጠጣው ነገር ካለ አታስመልሱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሩጡ።

*ወሲባዊ ጥቃት።* አድራሹ ሠራተኛ፣ እንግዳ ወይም በግቢው ያለ ትልቅ ልጅ ሊሆን ይችላል።

1. «አምንሃለሁ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉና አንድ ጊዜ ብቻ ስሙ። ዝርዝሩን አትመርምሩ።
2. አታጥቡት። ልብሱን በወረቀት ከረጢት አድርጉ፤ ላስቲክ ማስረጃ ያበላሻል።
3. በቶሎ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት ሆስፒታል ድረሱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይጀመርም። ለደረሰች ልጅ የእርግዝና መከላከያውም ቶሎ ሲሰጥ ነው የሚሠራው።
4. ለፖሊስ ሪፖርት አድርጉ፤ ተጠርጣሪው ከልጆች ይለይ። በሽምግልና አይታይም። አገራችን በሽምግልና ብዙ ደም አድርቋል፤ ይህ ግን የልጅ አካል ነው፤ የሚታረቅለት ወገን የለም።

*በጊዜ መታየት ያለባቸው ሌሎች፦* ለ2 ሳምንት ከማንም የማያወራ፣ የሚያስደስተውን ሁሉ የተወ፣ ሰውነቱን እያወዛወዘ የሚውል፣ የማይታይ ነገር የሚያይ ወይም የሚሰማ።

ደረጃ 10፦ መውጫው

ማሳደጊያ መቆያ ነው። በየ3 ወሩ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ወደ ዘመድ ወይም ወደ ተቀባይ ቤተሰብ እንዳይሄድ የከለከለው ምንድን ነው? መልሱ «ድህነት» ብቻ ከሆነ ለማሳደጊያው የሚወጣውን ገንዘብ ለአያቱ ቤት ማዋል ይሻላል።

1. መመለሱ በደረጃ ይሁን፦ መጀመሪያ የቀን ጉብኝት፣ ቀጥሎ የአንድ ሌሊት አዳር፣ ከዚያ የሳምንት፣ በመጨረሻ መሄድ። ጊዜው ክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ ቢሆን ይመረጣል፤ በክፍል መካከል አይለወጥ። የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ይወቀው።
2. ሣጥኑንና ደብተሩን ይዞ ይሂድ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ ከዋናው ጋር ይሰጥ።
3. በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ እስከ 6 ወር በየወሩ ሂዱ። ልጁን ለብቻው አነጋግሩት፦ የት ትተኛለህ? ከማን ጋር ትበላለህ? ትምህርት ቤት ስንት ቀን ቀረህ? ከብት ብቻ የሚጠብቅ ሆኖ ከተገኘ ከቤተሰቡ ጋር የትምህርት ሰዓቱን በቀበሌ ፊት ተስማሙ።
4. ለሚቆዩት ከ14 ዓመት ጀምሮ አለማምዱ፦ ገበያ ወጥቶ መግዛት፣ እንጀራ መጋገር ወይም ሽሮ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ፣ ሐኪም ቤት ካርድ ማውጣት፣ በስሙ ቁጠባ ማስቀመጥ። 18 ሲሞላው ሻንጣ አስይዞ በር ድረስ መሸኘት መጣል ነው። ቢያንስ ለአንድ ዓመት በበዓል የሚመጣበት፣ ሲያመው የሚደውልበት ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩም የቢሮ ሳይሆን የተጠሪዋ ይሁን።

*ሲበላሽ*

የተመለሰው ልጅ ከዘመድ ቤት ሸሽቶ ቢመጣ «ለምን መጣህ?» ሳትሉ አሳድሩት፤ የድሮ አልጋው ተይዞ ከሆነ ተጠሪዋ ክፍል ፍራሽ ዘርጉለት። በማግስቱ ተጠሪዋና ማኅበራዊ ሠራተኛው ሆነው ዘመዱ ቤት ይሂዱ፤ ልጁን ግን ይዘው አይሂዱ። ተመትቶ ወይም ተርቦ እንደሆነ አይመለስ። ሥራ በዝቶበት ወይም እኩያ አጥቶ ከሆነ የቀን ጉብኝቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ስንት ሌሊት እንደሚያድርም ልጁ ራሱ ይወስን።